ከኮከብ የመጣው እንግዳና የጓሯችን ጢስ

የቤተሰብ ኑሮ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ስለ ሲኒማ ብንጽፍ፥ የተከበሩ አንባቢዎቻችን ከቁም ነገር የራቅን እንዳይመስላቸው እንለምናለን። የችሎት ጸሐፊ ሆነን የሰውን ክርክር በመዝገብ ስናሰፍር ብዙ ዘመን ኖረናል፤ የራሳችንን ጥፋት እንድንጽፍ ያደረገን ግን ከልጃችን ጋራ የተመለከትነው አንድ የጃፓን ፊልም ነው።

ፊልሙ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 የወጣ የሳይንስ ልብ ወለድ ሲሆን፥ «ጎድዚላ ከሄዶራ ጋራ» ይባላል። ሄዶራ ከሌላ ዓለም ወደ ምድር የወረደ ፍጥረት ነው፤ ስሙም በጃፓንኛ ዝቃጭ ማለት ከሆነ ቃል የወጣ ነው። በመጀመሪያ እንደ እንቍራሪት ግልገል በባሕር ይዋኝ ነበር፤ ወደ ባሕሩ የፈሰሰውን እድፍ እየበላ አደገ። ከዚያም ወደ የብስ ወጥቶ፥ ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ጢሱን እየማገ ገዘፈ። በመጨረሻም በሰማይ እየበረረ በሕዝቡ ላይ የሚያቃጥል መርዝ ያፈስ ጀመር።

እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በመጻተኛው ላይ ይጥላል። በዚህኛው ግን እንግዳው ይዞት የመጣ ስንቅ የለም፤ የበላው ባለቤቶቹ ያሰናዱለትን ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ዮሺሚትሱ ባኖ ሐሳቡን ያገኙት፥ እንደ ዮካይቺ ያሉ ከተሞች በጥቁር ጢስ ተሸፍነው፥ ባሕሩም በሳሙና አረፋ ተሞልቶ ባዩ ጊዜ ነው።

የዮካይቺ ነገር ግን ልብ ወለድ አይደለም። በዚያች ከተማ ከነዳጅ ዘይት ቃጠሎ የሚወጣው የድኝ ጢስ ብዙ ሰዎችን በአስም አሠቃየ። በ1967 ዘጠኝ ሕመምተኞች ስድስት ኩባንያዎችን ከሰሱ። ከስድስቱ ጭስ ማውጫዎች የወጣው ጢስ በሰማይ ተቀላቅሎ ስለ ነበረ፥ አንዱን ሕመምተኛ የጐዳው የየትኛው ጢስ እንደ ሆነ ለይቶ ማስረዳት አይቻልም ነበር። ችሎቱ ግን በ1972 ስድስቱም በአንድነት ኀላፊዎች ናቸው ብሎ ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደ። ጢሱ ቢቀላቀልም ኀላፊነቱ አልጠፋም።

ፊልሙ አልቆ መብራቱን ባበራን ጊዜ፥ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «አባባ፥ እኛስ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናቃጥለውን ማን እየበላው ይሆን?» ሲል ጠየቀን።

የምንመልሰው አጣን። በየቅዳሜው ማታ የቤቱን ጥራጊ፥ ፌስታሉንም የውሃውንም ፕላስቲክ፥ በጓሮ እንዲቃጠል የምናዝዘው እኛው ነን። ልጁ ከክረምት ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይስላል፤ ሐኪሙም ከጢስ ይራቅ ብሎናል። እኛ ግን ጥፋቱን በመንገዱ መኪና፥ ይልቁንም ዘወትር ጥራጊውን በሚያነደው ጐረቤታችን ላይ ስንጥል ከረምን። ተከሳሽ በፊታችን ቆሞ «ጢሱ የኔ ብቻ አይደለም» ቢል፥ ቃሉን ስንጽፍ በልባችን በሣቅንበት ነበር፤ በቤታችን ግን ይህንኑ መልስ ስንሰጥ ኖረናል።

በማግሥቱ ወደ ጐረቤታችን ደጅ ሄድን። ልንከሰው አስበን የነበረውን ትተን፥ አስቀድመን የራሳችንን ተናገርን። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማና፥ «እኔስ የሚያስለኝ የእርስዎ ጢስ ነው ብዬ ስማርርብዎ ነበር» አለን። ሁለታችንም ሣቅን፤ ዳሩ ግን ሣቁ ኀፍረት ነበረበት።

ዛሬ የምግቡ ትራፊ በጓሮ ጉድጓድ ተቀብሮ ለጐመኑ ፍግ ይሆናል፤ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ቆራሌው ይወስደዋል፤ የቀረውን ጥራጊ የሚሰበስቡት ሰዎች ይረከቡታል። የልጃችን ሳል ፈጽሞ ለቀቀው ብለን አንዋሽም፤ ነገር ግን ሌሊት ሲስል ስንሰማ ጣታችንን ወደ አጥር ማዶ አንቀስርም።

ከሰማይ የሚወርድ እንግዳ ይኑር አይኑር ሊቃውንት ይመርምሩት። የቤተሰብ አባት የሆነ ሰው ግን፥ እንግዳው ቢመጣ በደጁ ምን ተሰናድቶ እንደሚያገኝ ዛሬውኑ ጓሮውን ቢመለከት መልካም ነው እንላለን።