ፋይሉን ማን ያዘው?

እስቲ ዛሬ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በተለይ የተማሪ ውጤት በኮምፒውተር የምትይዙ መምህራን አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ትምህርት ቤት ውጤት የሚቀመጠው በአክሰስ ነው። ፋይሉ ሬከርድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አለ፤ እኛ በኔትወርክ እንከፍተዋለን። ካርድ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ልከፍት ብል «ፋይሉ ተይዟል» ብሎ እምቢ አለ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ዞረን አየን፤ የከፈተ የለም።

ይሄኔ ሬከርድ ክፍል የሚሠሩትን እናት በሦስት መምህራን ፊት «እትዬ፣ ማታ ሳይዘጉት ሄደው ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ዘግቼ ነው የወጣሁት።»

እውነት ለመናገር አላመንኳቸውም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ላደርገው ስል ግን፣ እስቲ ማን እንደያዘው ልይ ብዬ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፈትኩ። ሲፒዩ በሚለው ገጽ «አሶሼትድ ሃንድልስ» የሚል መፈለጊያ አለ። የፋይሉን ስም ስጽፍበት የያዘው ፕሮግራም ወጣ፤ አክሰስ ራሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን የተከፈተ መስኮት የለም።

ለካ የኔው ስክሪፕት ነው! ማታ 12 ሰዓት ላይ ውጤቱን ወደ ኤክሴል እንዲገለብጥ ያዘጋጀሁት እኔ፤ ሲገለብጥ ማንም እንዳይነካው ፋይሉን ለብቻው እንዲይዝ ያደረግኩት እኔ፤ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ያልኩትም እኔ። መሃል ላይ ስህተት ገጥሞት «ኦኬ» የሚለው ሰው ሲጠብቅ አድሯል። መልእክቱ ደግሞ ለማንም አይታይም።

እየጻፈ ያለ ፕሮግራም በግድ ቢዘጋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። የኔው የሚያነብ ብቻ ስለነበር ከታስክ ማናጀር ዘጋሁት፣ ፋይሉን ኮፒ አደረግኩና ከፈትኩት። ሠራ። ስክሪፕቱንም ስህተት ቢገጥመው እንኳ አክሰስን ዘግቶ እንዲወጣ አስተካከልኩ።

ሪስታርት ባደርገው ኖሮ ፋይሉ ይለቅ ነበር። ግን ሌላ ማታ ተመልሶ ይያዛል፤ እኔም እሳቸውን እንደጠረጠርኩ እቀር ነበር።

በነዚያው ሦስት መምህራን ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው «እኔስ ትቼልሃለሁ። ፕሮግራምህን ግን በር መዝጋት አስተምረው» አሉኝ።

ካርዱም በሰዓቱ ተሰጠ። መልካም ምሽት!