ያበጠ ክንድ ላይ ሒጃማ?



የሰፈራችን አንዲት እናት ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰሞኑን በዚያው በኩል ያለው ክንዳቸው አበጠ፤ አምባራቸው አልወጣ አለ። ልጃቸው «መጥፎ ደም ነው ተብለናል፣ ሒጃማ የሚሠራ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። የኢማም ረዳት መቼም የማይጠየቀው ነገር የለም! ሆስፒታል ይሂዱ አልነው፤ አብረንም ሄድን። ሐኪሙ ሊምፍዴማ ነው አለ።

ክንዱን ያሳበጠው ደም አይደለም፤ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ነው። የክንድ ሊምፍ የሚያልፈው በብብት ንፍፊቶች በኩል ነው። ለካንሰሩ ሲባል ንፍፊቶቹ ሲወጡ ወይም ብብቱ በጨረር ሲታከም መንገዱ ይጠብና ፈሳሹ ይጠራቀማል። ንፍፊቶቹ በብዛት ከወጡላቸው አምስት ሴቶች አንዷን ገደማ ያጋጥማታል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ከሒጃማ ጋር ክርክር የለንም። ግን ፈሳሽ ያቆረ ክንድ በምላጭ ሲበጣ ለጀርም በር ይከፈታል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ እብጠቱን ያብሰዋል። አይበጣ፣ አይተኮስ። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

ውዱእ አይጎዳም፤ በጣም የሚያቃጥል ውሃ ግን ይቅር፣ ቆዳውም እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይቀባ። ለዕቃ አጠባና ለምጣድ ጓንት ግዙላቸው። መርፌና የደም ግፊት ልኬት ከተቻለ በሌላው ክንድ ይሁን፤ አንዴ በዚያኛው ተለካ ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም።

ድሮ «ክንዱን አታንቀሳቅሱ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ፣ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ግን በባለሙያ ክትትል ቀስ በቀስ ክብደት ማንሳት እብጠቱን እንደማያባብስ ታየ። ይህ ማለት ግን እናትህ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ትምጣ ማለት አይደለም፣ ወንድሜ! እሱ ያንተ ሥራ ነው።

ሊምፍዴማ ጨርሶ ባይጠፋም በጊዜ ከተደረሰበት በሚያጠብቅ እጅጌና በልዩ ማሸት ይቀንሳል። ችግሩ እናት ስለ ጡቷ ለወንድ ልጇ አትነግርም፤ ሐያእ ይይዛታል። ስለ ጡት ማንሳትም የለብህም። «ኡሚ፣ ቀለበትሽ ጠበበሽ እንዴ? እጅሽ ይከብድሻል?» በላት። አዎ ካለችህ ያን ሳምንት ይዘሃት ሂድ።