«ሰው መርዳት ስለምወድ»

ለሶሻል ወርክ ማስተርስ ሳመለክት «ለምን መረጥከው?» ለሚለው ጥያቄ «ሰው መርዳት ስለምወድ» ብዬ ጻፍኩ። ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ።

መልሴ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ቅጽ ይዤ ገባሁ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ብርድ ልብስ እያልኩ ሞላሁ። ልወጣ ስነሳ «ልጄ፣ ዋናውን ሳትጠይቀኝ ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

የእድር መዋጮ ካቋረጡ ወራት አልፏል። «ከሰረዙኝ ማን ይቀብረኛል?» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። ቅጹ ላይ ስለ እድር የሚጠይቅ ቦታ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

በአገራችን የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፈተ፣ በደርግ ዘመን ተዘጋ፣ በ2004 በማስተርስ ተመለሰ። እኛ በሌለንበት 30 ዓመት ገደማ እድር አልተዘጋም። ሲቀብርና ሲያስተዛዝን ኖሯል።

ከአስተማሪዬ ጋር ሄደን የእድሩን ዳኛ አነጋገርን። ውዝፉን ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ ተስማሙ። ያን ቀን ከእኔ ይልቅ የሠራው እድሩ ነው።

ዘንድሮ የምታመለክቱ፣ ስለ ደግነታችሁ አትጻፉ። ሰፈራችሁ ሰው ሲቸገር ማን በር እንደሚያንኳኳ ጻፉ። ካላወቃችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ።