ስለ ቍልቍለት

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ከእኔ የለመዱት የሰዋስውና የቅኔ ነገር ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ብስክሌት ልጽፍ መነሣቴን ሲያዩ «መምህሩን ምን ነካቸው» ማለታቸው አይቀርም። ይህን ቃል ከጎረቤትም ከደቀ መዛሙርትም አፍ ሰምቼ ስለ ጨረስሁት አያስከፋኝም። ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት ዓመት ነው፤ ጢሜም ሸብቷል፤ ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ በእንጦጦ ተራራ ላይ በብስክሌት ቍልቍል እወርዳለሁ። ወርጄም ብስክሌቱን እየገፋሁ እወጣለሁ፥ ወጥቼም ደግሞ እወርዳለሁ። እንዲህ አድርጌ አራት ጊዜ፥ ብርታት ባገኘሁ ቀንም አምስት ጊዜ ዞሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጽሕፈት የሚበቃ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ባለፈው ጥር በዚሁ መንገድ ላይ አንድ ነገር ደረሰ፤ እኔም ስለ እርሱ ለተማሪዎቼ የነገርኋቸው ቃል ግማሹ ብቻ እውነት ነበረ፤ የቀረውን ግማሽ እዚህ መክፈል ይገባኛል።

የነገሩ መነሻ ሐኪም ነው። ደሜን መርምሮ «ስኳር ሊጀምርዎ ተቃርቧል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው መዋሉን ቢተዉት ይሻላል» አለኝ። ተቀምጦ ከማስተማር በቀር ሙያ የሌለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይመልሳል? በዚያው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ብስክሌቱን ከቤቴ ጣራ ጥላ ሥር ጥሎት ሄደ። ጎማው ወፍራም፥ እንደ አዞ ጀርባ ጥርስ ያወጣ፥ በፊቱም ድንጋይ ሲያገኘው እጥፍ ዘርጋ የሚል ሞላ የተገጠመለት፥ ለተራራ የተሠራ ብስክሌት ነው። ጎረቤቶቼ «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው» ሲሉኝ፥ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋራ ብስክሌተኞችም እንደ ነበሩ አስታወስኋቸው፤ ክርክሩን ግን አልረታሁም። መንዳትንስ በልጅነቴ ባሕር ዳር ተምሬ ነበረ። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት፤ በሜዳ የተማረ ሰው መሄድን እንጂ መውረድን አልተማረም።

እንጦጦን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ትርፍ ነገር ነው፤ አንባቢ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ሰው አይደለምና ጥቂት ልበል። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ብስክሌት እየገፋ ለሚወጣ ሽማግሌ ትንፋሽ ውድ ዕቃ ይሆንበታል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍልውሃው ሜዳ ከማውረዳቸው በፊት የተቀመጡት እዚያ ነበረ፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፥ በደቡብ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የአገሩ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፥ ዘሩ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ተራራውን አለበሰው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ለእግረኛና ለብስክሌተኛም የተበጀ መንገድ አለው።

የእኔ መንገድ ግን ከተበጁት አይደለም። አንድ ያረጀ ጥድ ከቆመበት ጠባብ ሜዳ ይነሣና፥ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘ 800 ሜትር ያህል ወርዶ ከደረቅ ፈፋ ላይ ያበቃል፤ ከፈፋው ደግሞ ሌላ ቀጭን መንገድ በጎን ወደ ጥዱ ይመልሳል። መውረዱ ሦስት ደቂቃ፥ መውጣቱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መንገዱን ለብስክሌት ብሎ ያበጀው ሰው የለም። የጠረቡት የከብት ሰኰናና የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች እግር ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐውቀው ነበረ፤ ማወቅና ማሰብ ግን አንድ አይደሉም።

እንዲህ ያለው ጨዋታ እንዴት እንደ ተጀመረ መርምሬ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በካሊፎርንያ አገር ታማልፓይስ በሚባለው ተራራ አጠገብ ጐረምሶች ያረጀ ወፍራም ጎማ ብስክሌት እየሰበሰቡ ቍልቍል ይለቁት ነበር። በ1976 ከዚያ ከተራሮቹ ባንዱ ላይ እሽቅድምድም አደረጉ፤ መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርዝመት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የዚያን ጊዜው ፍሬን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተሸሸገና ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ስለ ነበረ፥ ከታች ሲደርሱ በሙቀቱ ቅባቱ ተቃጥሎ ይጤስ ነበር፤ እምብርቱንም ፈትቶ እንደ ገና ቅባት መሙላት ግድ ነበረ። ስለዚህ መንገዱን «ሪፓክ» አሉት፤ «እንደ ገና መሙላት» ማለት ነው። ከዚያ የተነሣው ጨዋታ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። እኔን ደስ ያሰኘኝ ክብሩ ሳይሆን ስሙ ነው፤ መንገዱን በውበቱ ወይም በፍጥነቱ አልጠሩትም፥ በሚያስከፍለው ዋጋ እንጂ።

ፍሬን የሚቃጠልበትን ምክንያት ከመጽሐፍ በፊት የተማርሁት ከአውቶቡስ ሹፌር ነው። በወጣትነቴ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ስመጣ፥ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እያጓራ በዝግታ ይነዳ ነበር። «ምነው ቢያፈጥኑት» ያለውን ተሳፋሪ «ፍሬኑን እዚህ ከጨረስሁት ታች በምን እቆማለሁ?» ብሎ መለሰለት። በብስክሌት ላይም እንዲሁ ነው። ዘወትር የተያዘ ፍሬን ይግላል፥ ይደክማል፤ ስለዚህ ቀጥ ባለው ላይ ለቀቅ፥ መታጠፊያው ሳይደርስ ያዝ፥ መታጠፊያው ውስጥ ደግሞ ለቀቅ ማድረግ ይገባል። የሚያቆመው ይልቁንም የፊተኛው ነው፤ በሚወርድ ነገር ላይ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳልና። ነገር ግን በድንገት ከጨበጡት ያው ፍሬን ጋላቢውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። ደግሞም ፍጥነትህን እጥፍ ባደረግህ ጊዜ ለመቆም የሚያስፈልግህ መሬት አራት እጥፍ ይሆናል። ዐይን የፊት ጎማውን ከተመለከተ ጎማው ዐይን ወዳረፈበት ድንጋይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዐሥር ክንድ አርቆ ማየት፥ ከኮርቻውም ተነሥቶ ጕልበትን አጥፎ ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጀብኝ። የበቅሎ ኮርቻ ከዚህ ይልቅ ምሕረት አለው።

«ለምን ረጅም መንገድ አይሄዱም? ያንኑ እየደጋገሙ አይሰለችዎትም?» የሚሉኝ አሉ። የቅኔ ቤት ልጅ ይህን አይጠይቅም። ተማሪ ቅኔ መቍጠር ሲጀምር መወድስ አይሰጠውም፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና ነው የሚሰጠው። ያንንም ቈጥሮ፥ ፈርሶበት፥ እንደ ገና ቈጥሮ ወራት ያሳልፋል። ሁለት ቤት አጭር ስለ ሆነ ስሕተት የሚደበቅበት ጥግ የለውም። የእኔም 800 ሜትር እንዲሁ ናት፤ ትናንት ያጠፋሁባት ሥር ዛሬ በዚያው ቦታ ተጋድማ ትጠብቀኛለች።

ቋንቋችንም ለወራጅ አያዳላም። «ወረደ» ከሚለው ግስ «ውርደት» ይወጣል፤ የሰው ኑሮ ሲበላሽም «ቍልቍል ሄደ» ይባላል። ሽቅብ የሚሄድ ሰው ይመሰገናል፤ ቍልቍል የሚሄደውን ግን ዕረፍት ላይ እንዳለ እንቈጥረዋለን። እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበረ። ዝናብ ከጠፋ ስለ ቈየ የመንገዱ አቧራ እንደ ዱቄት ላልቶ፥ በላዩም የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበት ነበር። ሁለተኛውን ዙር ከልማዴ ፈጠን ብዬ ስለ ወረድሁ ደስ ብሎኝ፥ በሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ልፈጥን በልቤ ቈረጥሁ። ከትልቁ ድንጋይ በታች ያለው መታጠፊያ በቍጥቋጦ የተጋረደ ነው። ብዙ ጊዜ ያለፍሁበት ስለ ሆነ «ሰው የለበትም» ብዬ ፍሬን ሳልይዝ ገባሁ። ሰው አለመኖሩን አይቼ አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ሰው ስላልገጠመኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚሄድ የእንጨት ክምር ነበረ፤ ከበታቹም ሁለት እግር። ሁለቱንም ፍሬን ጨበጥሁ። ጎማው በቅጠሉ ላይ ተንሸራተተ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ከአፈሩ ግድግዳ ጋራ ተላተምሁና ብስክሌቱ በላዬ ሆኖ ወደቅሁ። ሴትዮዋን አልነካኋትም፤ ነገር ግን ከድንጋጤዋ የተነሣ ስትዘል ሸክሙ ወደ ኋላ ጐትቶ አስቀመጣት፤ ገመዱም ተበጥሶ እንጨቱ ተበተነ።

«አንተ ልጅ! ልትገድለኝ ነው? ዐይን የለህም?» ብላ ጮኸች።

ምን እመልሳለሁ? ቀና ብዬ የራስ ቍሬን አወለቅሁ። ሽበቴን ባየች ጊዜ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «ውይ አባቴ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ተጎዱብኝ?» አለች፤ ልታነሣኝም መጣች። የእጄ አንጓ ታምሞ ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ ያ «እርስዎ» አመመኝ። «አንተ» የተገባኝ ነበረ፥ ሠርቼበታለሁና፤ «እርስዎ» ግን ጢሜ የተቀበለው ያልተሠራበት ደመ ወዝ ነው። ሰዋስው ሳስተምር ስለ አንቱታ ብዙ ተናግሬ ነበር፤ እንዲህ ሲከብድ ግን አይቼው አላውቅም።

ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አያንስም። «እናቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት። በዓለም ያሉ የተራራ ብስክሌተኞች ልማድ ወራጁ ለወጪው፥ ብስክሌተኛውም ለእግረኛ ሁሉ መንገድ እንዲለቅ ያዛል፤ ይህንንም አንብቤ ነበር። እንጨቱን አብረን ሰበሰብን፤ እርሷ ገመዱን ቋጥራ አሰረችው። በጀርባዋ ላይ ላነሣላት ብዬ ባንድ እጄና በትከሻዬ ሞከርሁ፤ ሸክሙ ከጕልበቴ በላይ አላለፈልኝም። «ይተዉት አባቴ፥ አያውቁበትም» አለችና ከአፈሩ ግድግዳ ላይ አስደግፋ፥ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች፤ ገመዱን በደረቷ ላይ አሳልፋ፥ ወደ ፊት ዘንበል ብላ፥ በእጆቿ መሬቱን ተመርኵዛ ተነሣች።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላዋ ወረድሁ። እኔ አንድ ዓመት የተማርሁትን ሁሉ እግሯ ያውቀው ነበር፤ ጕልበቷን አጥፋ፥ እርምጃዋን አሳጥራ፥ ቀጥ ያለውን ቍልቍለት ወደ ጎን እየቈረጠች፥ ልቅ ድንጋይ ሳይሆን የተተከለ ድንጋይ እየመረጠች ትረግጣለች። «ሽቅቡ አይከብድም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሽቅቡን ባዶዬን ነው የምወጣው፤ እርሱ ትንፋሽ ነው የሚጨርስ፥ ትንፋሽ ደግሞ ሲያርፉ ይመለሳል። ቍልቍለቱ ነው ጕልበት የሚጨርስ» አለችኝ።

እዚያው ቆምሁ። ጕልበት ኀይል ነው፤ ጕልበት ደግሞ የሰውነት መታጠፊያ ነው። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ኅብር ቃል ፍለጋ ጫካ ገብተው ይውላሉ፤ እርሷ ግን ሸክም ይዛ በመንገድ ላይ ተናገረችው፤ ሁለቱም ፍች በእርሷ ላይ እውነት ነበረ። «እንዴት አሉት?» ብዬ ባስደግማት «ጕልበቴን ያመኛል ነው የምልዎ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ፈፋው ላይ ስንለያይ «ይህ ነገር ደወል የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረውም።

ተማሪዎቼ የታሰረ እጄን አይተው በጠየቁኝ ጊዜ «ተንሸራትቼ ነው» አልኋቸው። መንሸራተቴ እውነት ነው። ስለ ሴትዮዋ ግን አላወራሁም፤ እጄም እስኪድን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዝኑልኝ ዝም ብዬ ሐዘናቸውን ተቀበልሁ።

ከዚያ በኋላ ከበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰር አሮጌ ቃጭል አግኝቼ ከመሪው በታች አንጠለጠልሁት። ጐረምሶች ይሥቁበታል። የመጀመሪያውንም ዙር ሁልጊዜ በእግሬ፥ ብስክሌቱን እየገፋሁ እወርዳለሁ፤ በመንገዱ ላይ ማን እንዳለ ሳላይ አልቀመጥበትም። በዚህ ምክንያት አራቱ ዙር ሦስት ሆኗል።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ቀን ከትልቁ ድንጋይ በላይ ፍሬን ይዤ፥ ቃጭሉ እየጮኸ በዝግታ ስደርስ፥ ያችው ሴት ሸክሟን በግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማ አገኘኋት። ከሩቅ ሰምታኝ ኖሯል።

«ይለፉ አባቴ» አለችኝ።

«የለም እናቴ፥ እርስዎ ይለፉ።»

«ኧረ ይለፉ፥ የእርስዎ ይፈጥናል።»

«አይሆንም፤ መንገዱ የእርስዎ ነው።»

እንዲህ እየተባባልን ጥቂት ቆየን። በመጨረሻ ገመዷን አጥብቃ እርሷ ቀደመች፤ እኔም ከብስክሌቱ ወርጄ ተከተልኋት። በየድንጋዩ ላይ ቃጭሉ ይንቃጨላል። ፈፋው አጠገብ ስንደርስ ዞር ሳትል «በቅሎ የምነዳ መሰለኝ እኮ» አለች።