ሃሎ

ሰው ልጁን በስልክ ማሳደግ ይችላል? እኔ 7 ዓመት ሞክሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደሴን ለቅቄ ስወጣ ልጄ የ5 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱን ከዚያ በፊት ሞት ነጥቆናልና ለእናቴ አደራ ሰጥቼው ሄድኩ። ዋሽንግተን ገብቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ የ5 ዶላር የስልክ ካርድ እገዛለሁ፤ የተሸፈነውን ቁጥር በሳንቲም እፍቃለሁ፤ ያንን ሁሉ አኃዝ አንድ በአንድ እነካለሁ። ከዚያም ከወዲያ ማዶ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ሃሎ» ትለኛለች። እኔም «ሃሎ» እላለሁ። መስመሩ ድምፃችንን እያዘገየ ስለሚያደርስ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እንናገራለን፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ዝም እንላለን። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደኅና ነው።» «ለአያትህ ትታዘዛለህ?» «አዎ፣ እታዘዛለሁ።» ካርዱ ያልቃል።

ለልጄ እኔ ገላ የሌለው ድምፅ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ክረምት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበለው 12 ዓመቱ ነበር። ቀጭን፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ልጅ ወደ እኔ መጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አፈፍ አድርጌ አቀፍኩት። «እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ?» አለኝ። እናቴ በሥርዓት አሳድጋዋለች፤ አባት አንቱ ይባላል ብላ።

ልቆጣ አልችልም። እኔም አባቴን እስከ ዕለተ ሞቱ «አንተ» ብዬው አላውቅም። ነገር ግን አባቴ በየማታው ቤት ነበር። ሲያስል እሰማዋለሁ፣ ሲጸልይ እሰማዋለሁ፣ ጋቢው ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ። የእኛ «አንቱ» ቅርበትን የምታለብስ ነጠላ ነበረች። በእኔና በልጄ መካከል ያለችው «አንቱ» ግን ነጠላው ቢገለጥ ከሥሯ ምንም የላትም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን ለተቀመጠ ሽማግሌ የምንላት ናት። በቀን 12 ሰዓት ታክሲ ነድቼ ስገባ «በልተሃል?» እለዋለሁ። «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። እንዲህ ሆነን መስከረም ጠባ፤ ኅዳርም ገባ።

*

አንድ ምሽት ከላይኛው ፎቅ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ቤት ልጠራው ወጣሁ። በሩን ሳላንኳኳ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የማን ሳቅ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆምኩ። የልጄ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ አላወቅሁትም።

የሚያስቀው ጌም ነበር። እኔ አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ፤ መጽሐፍ ከቁም ነገር የሚቆጠር፣ ጌም ደግሞ የሥራ ፈት መዋያ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይሁንና በዚያ ሳምንት የታክሲ ገቢዬን ቆጥሬ ሱቅ ሄድኩ። ኤክስቦክስ የተባለው ማሽን ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ወደ 199 ወርዷል። ከእርሱ ጋር ልጁ የሚጫወተውን ዲስክ ገዛሁ። የሽፋኑን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ቆጠርኩና ጮክ ብዬ «ሃሎ» ብዬ አነበብኩ። ልጄ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘው። «‹ሄሎ› ነው የሚባለው፣ አባባ።»

መዝገበ ቃላት ስገልጥ ቃሉ ሠዓሊዎቻችን በቅዱሳን ራስ ዙሪያ በቢጫ የሚያዞሩት የብርሃን አክሊል ስም ሆኖ አገኘሁት። በሽፋኑ ጥግ ያለችው ሌላዋ ፊደል፣ «ኤም»፣ ደግሞ ጌሙ ከ17 ዓመት በላይ ለሆኑ መሆኑን የምትናገር ኖራለች። ይህንን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ጌሙን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1991 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው በንጂ ነው። ሥራውን በ1999 ለሕዝብ ያስተዋወቁት የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ነበሩ፤ በ2000 ግን ማይክሮሶፍት ድርጅቱን ጠቅልሎ ገዛውና ሄሎ ኅዳር 15 ቀን 2001 ከኤክስቦክስ ጋር አብሮ ወጣ። ታሪኩ በ26ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከጠላት የሸሸች መርከብ በጠፈር ላይ የተንሳፈፈ ግዙፍ ቀለበት ታገኛለች፤ ዲያሜትሩ 10,000 ኪሎ ሜትር። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሣር፣ ወንዝ፣ ተራራና ባሕር አለ። እዚያ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የቆመባት ምድር ከፊቱ ሽቅብ ተነሥታ፣ በራሱ ላይ እንደ ቀስተ ደመና አልፋ፣ ከኋላው ስትወርድ ያያል። ጀግናው ማስተር ቺፍ ይባላል፤ ከራስ ቁሩ ሥር ያለውን ፊት አናየውም። በራስ ቁሩ ውስጥ ኮርታና የምትባል፣ ሰው ሠራሽ አእምሮ ያላት ሴት አለች። መንገዱን የምታሳየው፣ አደጋውን የምትነግረው እርሷ ናት። ገላ የላትም፤ ድምፅ ናት።

እኔ ኮርታናን ወዲያው ወደድኳት። ምክንያቷን አንባቢ ያውቃታል።

*

ልጄ ሲተኛ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ድምፁን ቀንሼ በስውር መለማመድ ጀመርኩ። ጀግናው ከበረዶ እንቅልፍ ሲነቃ አንድ ባለሙያ መብራቶቹን ቀና ብሎ እንዲያይ ይጠይቀዋል። ጌሙ ማየትን ከሀ ያስተምራል። በግራ አውራ ጣት መራመድ፣ በቀኝ አውራ ጣት ማየት። ቀላል ይመስላል! እኔ ግን በሄድኩበት ጣራ ጣራ አያለሁ፤ ያየሁትን ስከተል ከግድግዳ ጋር እጋጫለሁ። ከአራቱ የክብደት ደረጃዎች ቀላሉን መርጬ እንኳ በየደቂቃው እሞታለሁ።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አንሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ እንደ ደነገጠ ሰው አየኝ። ቴሌቪዥኑ ለሁለት ተከፈለ፤ እርሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። የሚገርመው፣ ታሪኩ የሚያውቀው አንድ ጀግና ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ግን ሁለት ነን፤ ሁለታችንም ያው ሰው።

በጨዋታው ውስጥ ጋሻ የሚሉት ነገር አለ። በተተኮሰብህ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ከድንጋይ ጀርባ ተጠልለህ ጥቂት ከቆየህ ራሱ ይሞላል። ልጄ ይህንን በትዕግሥት አስተማረኝ። «አባባ፣ አይሩጡ። ይደበቁ። ጋሻዎ እስኪሞላ ይጠብቁ።» ጠላቶቹን አለዋወቀኝ፤ ትንንሾቹ አለቃቸው ሲሞት እየጮኹ እንደሚሸሹ፣ ረጃጅሞቹ ግን እንደማይሸሹ። የጦር መሣሪያ ከሁለት በላይ መያዝ አይቻልም፤ አንዱን ለማንሣት አንዱን መጣል ነው።

ከሁሉ ያልረሳሁት ሕግ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ጨዋታው አያበቃም። የተረፈው ብቻውን መትረፍ አለበት። ጠላት የሌለበት ጸጥ ያለ ስፍራ ሲደርስ፣ የሞተው ከአጠገቡ ብድግ ይላል። ሁለቱም ከሞቱ ግን ወደ ኋላ መመለስ ነው። በእኛ ቤት ሁልጊዜ የምሞተው እኔ ነበርኩ። የታችኛው መስኮት ይጨልማል፤ እኔም ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ በላይኛው መስኮት ልጄ ብቻውን ሲሮጥ፣ ሲደበቅ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሲፈልግልኝ አያለሁ። ከዚያ አጠገቡ ስነሣ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ይጠይቀኛል።

«አሉ፣ አባባ?»

«አለሁ።»

*

ሰባተኛው ምዕራፍ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ለመጽሐፍ ሰው ስሙ ያጓጓል፤ ውስጡ ግን አንድ መጽሐፍ የለም። ጨለማ አዳራሽ ነው፤ ያልፋል፣ ሌላ ጨለማ አዳራሽ ይመጣል። ፍለድ የተባለው ተባይ ከየቀዳዳው ይወጣል፤ የሰውን ገላ ወርሶ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቀለበቱ የተሠራውም ለዚህ ኖሯል፤ ተባዩን ሳይሆን ተባዩ የሚመገበውን፣ የሚያስብ ፍጥረት ሁሉ፣ ለማጥፋት። እዚያ ምዕራፍ ላይ ሦስት ቅዳሜ ተቀመጥን።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ መሣሪያውን እያጎረሰ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እንዲህ አለኝ። «ለምንድን ነው ቶሎ ያልወሰዱኝ?»

ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ አይጠይቀኝም ነበር። እኔም አልመልስለትም ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሰዎች ግን ይነጋገራሉ፤ ይህንን ከታክሲ ሥራዬ አውቀዋለሁ። ስለ ጥገኝነት ጥያቄው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቀጠሮው ነገርኩት። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ስለዚህ ጨመርኩለት። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ወረቀቱን አልጀመርኩትም። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባትህ እንዲህ መሆኑን እንድታይ አልፈለግሁም። አፈርኩ።»

ዝም አለ። በመስኮቱ ላይ ሁለቱ ያው ሰዎች ተኩስ አቁመው ቆመዋል። ከዚያ ድንገት ጮኸ።

«አባዬ፣ ከኋላህ!»

ዞርኩ። ተኮስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ጥይት ሳላባክን ተኮስኩ። አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላ ጣቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከኋላዎ» አላለም። ለሥርዓት ጊዜ አልነበረውም። አንዲት «ህ» ናት፤ አማርኛ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ክብደቷን አልነገሩኝም። የሰማሁ እንዳይመስለው ዝም አልኩ፤ ካፈረ ተመልሶ እንደሚወስዳት አውቃለሁና።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እንደገና «እርስዎ» ሆንኩ። «አንተ» የምባለው በጌሙ ውስጥ ብቻ ነበር። የመጨረሻው፣ አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሰዓት እየቆጠረ በመኪና ማምለጥ አለ። ከሚፈነዳ መርከብ ውስጥ እኔ ነዳሁ፤ እርሱ ከኋላ መትረየሱን ያዘ። የዋሽንግተን ባለ ታክሲ ነኝ ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ለካ ያ መኪና መሪ የለውም፤ ወዳየኸው ይሄዳል። ሰዓቱን ባየሁ ቁጥር ከግንብ ጋር ተላተምን። «ሰዓቱን ተወው! መንገዱን እይ!» እያለ ሲጮህብኝ፣ እኔ የምሰማው ግሡን ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ አመለጥን።

ከዚያ በኋላ፣ ቀኑን አላስታውሰውም፣ እራት ላይ «አባዬ፣ ጨው አቀብለኝ» አለ። አቀበልኩት።

እናቴ በስልክ አንድ ቀን ሰምታው ተቆጣች፤ «አባትህን አንተ ትላለህ?» ብላ። «ተዪው፣ እማዬ» አልኳት። «ለፍቼበታለሁ።»

*

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ጌሙ 10ኛ ዓመቱን አስመልክቶ በአዲስ ሥዕል ታድሶ ወጣ። 21 ዓመት የሞላው ልጄ ዲስኩን ይዞ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። አንዲት ቁልፍ ስትጫን አዲሱ ሥዕል ይጠፋና የድሮው ይመጣል፤ ስትደግም አዲሱ ይመለሳል። አዲሱ ይበልጥ ያምራል፤ ሣሩ ሣር፣ ውኃው ውኃ ይመስላል። እኔ ግን በየአፍታው ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። «ምን ልታይ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። የማየውን አልነገርኩትም። በአሮጌው፣ በደብዛዛው ሥዕል ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ለአባቱ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ዛሬ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ካርድ መፋቅ የለም፣ ድምፅ አይዘገይም። እኔ ግን ከልማድ የተነሣ ስልኩን እንዳነሣሁ ጥቂት ዝም እላለሁ፤ መጀመሪያ እርሱ እንዲናገር።

«ሃሎ፣ አባዬ። አለህ?»

«አለሁ» እለዋለሁ። «አለሁ።»