የመንዝ ቁራና የቤታችን ጭንቀት

ጌታ ኢየሱስ ስለ ኑሮ ጭንቀት ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱ ወፎችን እንዲመለከቱ አዘዛቸው። ትምህርቱን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ወፎቹን ግን ቆም ብለን የምናይ ጥቂቶች ነን። በሉቃስ 12፥24 ላይ ጌታ የጠቀሰው ደግሞ ቁራን ነው። ቁራ በዘሌዋውያን 11 ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቈጥሯል። በእኛም አገር ተልኮ የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። እግዚአብሔር ግን ይህን የተናቀ ወፍ ይመግባል፤ በ1ኛ ነገሥት 17 ደግሞ ኤልያስን የመገበው በእርሱ በኩል ነው።

ይህን እውነት በዓይን ለማየት የሰሜን ሸዋ ደጋ መልካም ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፈን፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ ስንጓዝ የጓሳን ሜዳ እናገኛለን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም አገር ነው፤ ጋቢ አይረሳም።

እዚያ ያለው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይገኝም። በዓለም ካሉት ቁራዎች ሁሉ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይታያሉ። ረግረጉ አጠገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የምትኖረውን፣ ክንፏ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ያለባትን ዝይ መፈለግ ነው። እርሷም ብዙ ጊዜ ከጓደኛዋ ጋር ናት። ወደ ገደሉ አፋፍ ስንጠጋ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ ጥሎ እየሰበረ መቅኑን የሚበላውን ትልቅ አሞራ ልናይ እንችላለን።

በአንኮበር ገደል ዳር ድንቢጥ የምትመስል ቡናማ ወፍ አለች። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። የሳይንስ ሰዎች እንኳ ያወቋት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው፤ ፈጣሪዋ ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄድ ሰው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ሲሻገር ማለዳ የቆቅ ድምፅ ያዳምጥ። በዐባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች የምትታወቅ፣ ከአገራችን ውጪ የሌለች፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነች ቆቅ በዚያ አለች።

የጓሳ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው ሰዎች ስለጠበቁት ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው ያሳርፉት ነበር። ለቤት ክዳን ሲደርስ በአንድነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ያልታረፈበት መሬት ይራቈታል። ያልታረፈበት ትዳርም እንዲሁ ነው። በሥራ፣ በአገልግሎትና በኑሮ ውድነት ተወጥረን ከትዳር ጓደኛችን ጋር ለመቀመጥ ጊዜ ስናጣ፣ ፍቅራችን ሳናውቀው ይሳሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የአካባቢው ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል። ስለዚህ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ስለ መንገዱ ደኅንነት ከአካባቢው ሰዎች ይጠይቅ። መሄድ ያልቻልንም ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐ ቤቴ ሰላም እንጸልይ። ቁራ በአዲስ አበባም አለ፤ እንጦጦ ላይ ያው ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ይታያል።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ማለዳ ለዩ። ስልካችሁን ዝጉና ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳትነጋገሩ ወፎችን ተመልከቱ። ወፍ ጫጫታ አይወድምና ዝምታው ይጠቅማችኋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ያለውን አንድ ጭንቀት ለሌላው ንገሩ። ሌላው ሳይመክርና ሳይገሥጽ ይስማ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። የቤት ኪራዩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚያው ዕለት ላይቀንስ ይችላል። ነገር ግን ሸክሙን አንዳችሁ ለብቻ ተሸክማችሁ ወደ ቤት አትመለሱም።

ቁራውን የሚመግብ አምላክ ቤታችሁን ያስብ። ጌታ ይባርካችሁ።