ያለ ጠመንጃ አደን

አደን በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የጀግንነት መለኪያ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው እየፎከረ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘመዶቹ በእልልታና በዘፈን ይቀበሉት፣ ራሱንም ቅቤ ይቀቡት ነበር። የአንበሳው ጎፈር ለራስ ጌጥ፣ የጎሹ ቆዳ ለጋሻ፣ የዝሆኑ ጥርስ ለንግድ ይውላል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ፣ እዚሁ በሠፈራችን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው በአራዳ ገበያ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የተሞላ ዝባድ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ግን በፒያሳ አስፋልት ላይ ቆሞ ስለ ጎሽ ዱካ የሚያወራ ሰው ቢገኝ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያዝንለት ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ቤት አለ፤ እርሳቸውም አያቴ ናቸው።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው አባባ እንላቸዋለን። የተወለዱት በ1936 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ከአባታቸው ጋር ወደ ጊቤ ቆላ ወርደው አንድ ጎሽ ጥለዋል። ከቆዳው የተሠራው ጋሻ እስከ ዛሬ ድረስ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አንድ ጊዜ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ቢሰጥ አባቴ፣ «ይሸጥና ጣራው ይጠገንበት» አለ። እማማ ግን «ጣራው ያፍስስ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ጠመንጃው ከቤታችን ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አባባ ያለ ጠመንጃ ማደን የጀመሩት አባቴና አክስቶቼ ልጆች ሳሉ ነው፤ ይኸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሰቡን አስከትለው ወደ እንጦጦ መውጣት ነበር። ልማዱ ለእኛም ደረሰን። ገና ጎሕ ሲቀድ ቆሎና ዳቦ ይዘን ከጊዮርጊስ እንነሣና፣ በአፍንጮ በርና በስድስት ኪሎ በኩል አልፈን ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። በዳገቱ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል፤ ያን ሸክም ያየ ሰው ስለ ራሱ ድካም አፉን አይከፍትም።

ባሕር ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ከተማችንን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል ለድኩላ የሚመች ጥላ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሰው በዝቷል። ስለዚህ አባባ ሁለቱንም በፍጥነት አሳልፈው ጽድና ኮሶ ወዳለበት ሸለቆ ይመሩናል።

በመጀመሪያ የሚጠይቁን ስለ ነፋስ ነው። አመድ የቋጠሩበትን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ጥቂት ይበትናሉ፤ አመዱ ወደ ፊታችን ከሄደ ሽታችን ቀድሞናልና ዙሪያውን መሄድ አለብን። ቀጥሎ ዱካ ነው። ጅብ ሲራመድ ጥፍሩ በጭቃው ላይ ይታተማል፣ የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚሄድ ዱካው ላይ ጥፍር አይታይም። ጅብ አጥንት ስለሚበላ እዳሪው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ይህን ሁሉ ተንበርክኬ በጣቴ እየለካሁ ተማርሁ፤ በባዮሎጂ ፈተና ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም። ከዚያም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ቆሎ ሲቈረጥም አባባ በዐይናቸው ይገሥጹታል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችለው፣ ከቍጥቋጦው ወጥቶ እንደ ውሻ ሲጮኽ መጀመሪያ የሰማሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ መተንፈስ አልቻልሁም።

እማማ የእኔን መሄድ አልወደዱትም ነበር። «በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ አዳኙን ቅቤ ይዛ ትጠብቃለች እንጂ ዱካ አትከተልም» ቢሉ፣ አባባ «ዱካው ወንድ ነሽ ወይስ ሴት ብሎ አይጠይቃት» ብለው መለሱላቸው።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ በእኔና በአባባ መካከል አንድ ክርክር አለ። ከፍ እያልሁ ስመጣ ማንበብ ጀመርሁ። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ እንደሌለ፣ የስሜን ብሔራዊ ፓርክም ለእርሱ ጥበቃ ሲባል በ1962 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ አወቅሁ። በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የነበሩ 15 አንበሶች ተመርምረው፣ በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት መገለጡንም አነበብሁ። ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ጋሻውን እያየሁ «አባባ፣ ጎሹን ባይገድሉት ኖሮስ?» አልኋቸው።

ይቈጣሉ ብዬ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሁላችንም የገደልነው አንድ አንድ ብቻ ነው፤ ደምሮ ያየ ሰው ግን አልነበረም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ዱካ ማንበብን ያስተማረኝ ያው ጎሽ ነው። አንዱን ይዘሽ ሌላውን ልትጥዪ ትችያለሽ?» አሉ።

«እችላለሁ» አልሁ፤ እርሳቸውም ሳቁ። እስከ ዛሬም እችላለሁ ባይ ነኝ። አመዱና ትዕግሥቱ የግድ ደም ይከተላቸዋል ማለት ትክክል አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ጋሻው ከግድግዳው ይውረድ ብዬ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳርቻ ከሄዱ ወዲህ ከእኛ ጋር የሚወጡት ልጆች ጥቂት ሆነዋል። ዘንድሮ ደግሞ የአባባ ጕልበት ዳገቱን እንቢ አለ። አሁን ሽሮ ሜዳ ካንዲት ሻይ ቤት በር ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ፤ የአመዱ ጨርቅ በእኔ ኪስ ነው። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከታናናሾቼ ጋር ወጥተን አንዲት እንስት ድኩላ ከነግልገሏ አየን። ስንወርድ አባባ ገና ሳንቀመጥ ይጠይቁን ጀመር።

«ነፋሱ ከየት ነበር?»

«ከእርሷ ወደ እኛ።»

«ጆሮዋስ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ ቍልቍለቱ» አለ ወንድሜ። «እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱ ነበር።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ ሻይ አዘዙና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «በይ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አሉኝ።